እኔ እጅ የገባ ሲዲ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ በእኔ ስም የተሰየመ ምንም ነገር የለም። መንገድ የለም፣ ድልድይ የለም፣ ዛፍ እንኳ የለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አለችኝ። ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ይላታል። ዓሣ ልገዛ ስወርድ ዓሣ ሻጩ ሚዛኑን እያስተካከለ ይላታል። የልጄ አስተማሪ እንኳ በወላጆች ስብሰባ ላይ ብላታለች። ዓረፍተ ነገሯን የተናገርኳት ራሴ ነኝ። ማን አስገደደኝ? ማንም። አፌ ነው። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ" ብለው የተረቱት አባቶቻችን፣ እኔን ሳያዩኝ እንዴት እንዳወቁኝ ይገርመኛል።

ነገሩ የሲዲ ነገር ነው። "በዚህ በፍላሽና በቴሌግራም ዘመን ሲዲ የሚያነሳ ሰው ከየት መጣ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ለአያ ይመር ይህንኑ ብያቸው ነበር።

አያ ይመር ጎረቤቴ ናቸው። የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ወደ ሐይቅ የወረዱት ግን እኔ ሳልወለድ ነው። ክራር ይመታሉ፣ ይዘፍናሉ። በስፋት የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው፤ በድምፃቸውና በቅናታቸው። አምባሰል የሚባለው ቅኝት የአገራቸውን ስም ስለያዘ፣ እንደ ርስት ነው የሚያዩት። ሌላ ሰው ሲዘፍነው ከሰሙ ድንበር እንደተገፋበት ገበሬ ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ይህን ያህል የሚሳሱለትን ዜማ ግን አንድ ቀን እንኳ አስቀድተውት አያውቁም ነበር። ሠርግ ላይ ዘፍነው፣ ሠርገኛው ጨፍሮ፣ ድምፃቸው ከድንኳኑ ጋር ተጠቅልሎ ይቀር ነበር።

ታዲያ የለውጡ ሰሞን መጣ። ያን ጊዜ ትዝ ይላችሁ እንደሆነ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ለማቋቋም ይነሳ ነበር። ፓርቲ የሚያቋቁም አለ፣ ማኅበር የሚያቋቁም አለ፣ ትናንት ያቋቋመውን ዛሬ ለሁለት የሚከፍል አለ። እኔም ከማን አንሼ ስቱዲዮ አቋቋምኩ። ስቱዲዮ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። የመኝታ ክፍላችን መስኮት ላይ ብርድ ልብስ በምስማር መታሁ፤ ፍራሹን ግድግዳው ላይ አቆምኩ፤ ማይኩን መጥረጊያ እንጨት ላይ በላስቲክ አሰርኩ። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ነው። በጎን ለሹፌሮች ዘፈን እጭናለሁ፤ ድሮ በሲዲ፣ አሁን በፍላሽ። በዚህች ልምድ ላይ ነው እንግዲህ "የድምፅ ባለሙያ" የሚል ቢዝነስ ካርድ ያሳተምኩት። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አያ ይመር ክራራቸውን በጨርቅ ከረጢቱ እንደያዙ መጡና ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጥረጊያውን አንድ በአንድ አዩ።

"አንተ ልጅ፣ ልንዘፍን ነው ወይስ ልንተኛ?" አሉኝ።

"አያ፣ ድምፅ እንዳይሾልክ ነው። ይቀመጡ፤ ማይኩን ከፍቻለሁ፣ ይጀምሩ።"

"ዱዓ ሳይደረግማ ክራር አይነካም። ሐዋ! ነይማ ልጄ፣ አሚን በይ!"

ሐዋ ባለቤቴ ናት። እጇን እያደረቀች ገባች። አያ ይመር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ወሎ ውስጥ ምርቃት ላይ የሚቸኩል ሰው የለም፤ ዘር ይመረቃል፣ ጥጃ ይመረቃል፣ መንገደኛ ይመረቃል፣ መጥረጊያ ላይ የታሰረ ማይክም ይመረቃል።

"አላህ ከክፉ ይሰውራችሁ!"

"አሚን!"

"ቤታችሁን የሰላም ያድርገው! አገሩን አማን ያድርገው!"

"አሚን!"

"ይችን ድምፄን ለልጅ ልጅ ያድርስልኝ!"

"አሚን!"

እንትፍ እንትፍ አሉብንና ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው ወደ እኔ ዞሩ። "ይሄ ነገር ግን አይጠፋም፣ ልጄ?"

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። ደረቴን ነፍቼ፣ ማይኩ አጠገብ ቆሜ፣ እንዲህ አልኳቸው፦ "አያ፣ አብሽሩ! እኔ እጅ የገባ ነገር አይጠፋም!"

ዓረፍተ ነገሯ ይች ናት።

ስምንት ዘፈን ለመቅዳት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አዛኑ ሲያበቃ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይቀጥላል፤ እሱ ሲያርፍ ባጃጅ ያልፋል፤ ባጃጁ ሲርቅ የጎረቤት ፍየል የአያ ይመርን ከፍታ አገኘሁ ብላ ትቀበላቸዋለች። ሆኖም ተቀዳ። ኮምፒውተሬ ውስጥ አስቀመጥኩትና እንደ ማንኛውም የተጀመረ ነገር "ኢንሻአላህ እንጨርሰዋለን" እያልን አንድ ዓመት አለፈ።

በዓመቱ የአያ ይመር ጉሮሮ አበጠ። ደሴ ሄደው ታከሙ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ጆሮህን አፋቸው ስር ካላስጠጋህ አትሰማቸውም። ያ ሠርግ ቤት የሚያናውጥ ድምፅ ከዓለም ላይ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እኔ ኮምፒውተር ውስጥ። ስለ ሌላው ሁሉ ስቀልድ እኖራለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ቀልዱ ይጠፋብኛል።

አንድ ቀን መጡና ጆሮዬን ይዘው "ሲዲ አድርግልኝ" አሉኝ።

"አያ፣ ሲዲ ቀርቷል። በፍላሽ ላድርግልዎት።"

"ፍላሽ ምኑ ይያዛል? የጥፍር መቁረጫ ነው የሚመስል። ፎቶዬ ያለበት፣ ልጆቼ ግድግዳ ላይ የሚያቆሙት፣ እንግዳ ሲመጣ 'ይሄ አባባ ነው' የሚሉት ነገር ነው የምፈልግ።"

ምን ይባላል? ሲዲ የሚያባዛ ፋብሪካ አዲስ አበባ አለ ተባለ። ፋብሪካው ግን የሚያባዛው አንድ ማስተር፣ ማለት እናት ሲዲ ሲሰጡት ነው። ደሴ ያለ አንድ ባለስቱዲዮ "እኔ ልሥራልህ፣ ማስተር ጥንቃቄ ይፈልጋል" ሲለኝ ሳቅሁበት። ዕድሜዬን ሙሉ ሲዲ ስጽፍ፣ በእኛ ቋንቋ 'በርን ሳደርግ'፣ የኖርኩ ሰው፣ ለአንዲት ሲዲ ደሴ ድረስ?

ለማንኛውም ፋብሪካ ደወልኩ። ያነሳው ትሁት ሰው ነበር። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት፤ ሐዋ አጠገቤ ምስር ትለቅማለች።

"ወንድሜ፣ ልብ ብለህ ስማኝ" አለ። "ስትጽፈው ቀስ ባለው ፍጥነት ይሁን። ከጀመርክ በኋላ በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው፤ መሃል ላይ መቋረጥ የለም። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሥራ አትሥራ። የሚያበራውን ፊት በጣት አትንካ። አቧራ አይግባው። ካቆሸሽከው ደግሞ ዙሪያውን አትሽው፤ ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚጠረገው። ሁለት ቅጂ አድርግ፤ አንዱን ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ከሁሉም በላይ ግን…"

"ገባኝ፣ ገባኝ! እኔም የሙያው ሰው ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። "ከሁሉም በላይ" ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ሲዲ በአሥር ደቂቃ ጨርሼ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላክሁ። በሳምንቱ በዚያው ሹፌር እጅ ተመለሰ። "ወንድሜ፣ የላክህልን ለሹፌሮች የሚጫነውን ዓይነት ነው፤ ኮምፒውተር ይከፍተዋል እንጂ የሙዚቃ ሲዲ አይደለም" አለኝ የፋብሪካው ሰው በስልክ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ የኖርኩት እሱኑ ነበር። ሐዋ ሳቋን ምስሩ ውስጥ ደበቀችው።

ሁለተኛውን በሕጉ መሠረት ጀመርኩ። ቀስ ባለው ፍጥነት ወደ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃያ ደቂቃ ምንድን ናት ትሉ ይሆናል። ሐይቅ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ የምታልፍ ሃያ ደቂቃ፣ የሚያውቃት ያውቃታል። ለጥንቃቄ ብዬ ቤተሰቡን በሙሉ በካልሲ አስኬድኩ። ልጆቹ እንዳይዘሉ፣ ሐዋ እንዳትወቅጥ፣ በር እንዳይንኳኳ አዘዝኩ። ኮምፒውተሩ እንዳይነቃነቅ እጄን ደግፌው ተቀመጥኩ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ የውጭ በር ተንኳኳ። አማቴ ነበሩ፤ ከውጫሌ ድረስ ማር ይዘው መጥተዋል። በመስኮት ብቅ ብዬ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በእጄ "ይቆዩ" አልኳቸው። አማቴን! በፀሐይ! ከነማራቸው! አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ሲዲው ተበላሸ፤ አማቴም ማሩን ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ወደ መናኸሪያ ተመለሱ። ሲዲ ሌላ ይገዛል። አማቴን ለማስታረቅ ግን ሁለት ሽማግሌና አንድ በግ ጠይቋል።

ሦስተኛውም፣ አራተኛውም፣ አምስተኛውም እንዲሁ ሄዱ። ሐዋ የተበላሹትን በክር እያሰረች ጓሮ ጎመኗ ላይ ሰቀለቻቸው፤ ወፍ ያባርራሉ አለች። እውነቷን ነው፤ በሠፈሩ የኛን ያህል ከወፍ የተጠበቀ ጎመን አልነበረም።

ስድስተኛው ግን ተሳካ! መብራቱ ቆየ፣ ፍየሏ ዝም አለች፣ ሲዲው እያብለጨለጨ ወጣ። በደስታ ሮጬ አያ ይመርን ጠራሁ። ሐዋም ቂጣ በቅቤ አቀረበች። በሉና ሲዲውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ፊታቸውን አዩበት።

"ተመርቋል?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አያ፣ ስንቀዳ መርቀነው የለ?"

"ያኔ ድምፁን ነው የመረቅን። ይሄ ደሞ ዕቃው ነው። መንገደኛ ሳይመረቅ ይሄዳል እንዴ?"

ምን ላድርግ? ወሎ ውስጥ ተወልጄ "አይ፣ ምርቃት ሲዲ ያበላሻል" ልበል? አያ ይመር ያችን ንጹሕ፣ በጣት የማትነካ፣ አቧራ የማያርፍባትን ፊት ወደ አፋቸው አስጠጉና "አላህ በሰላም ያድርስሽ፣ እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!" አሉባት። ቀጥለውም ቅቤ በነካ ጣታቸው ይዘው በጋቢያቸው ጫፍ ዙሪያዋን አሹዋት፤ ፈረስ እንደሚያሽ ሰው። ሐዋ ተመለከተችኝ። እኔ ጣራውን ተመለከትኩ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መያዣው ውስጥ ከትቼ ላክሁት።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና" አለኝ የፋብሪካው ሰው፣ "ሲዲው ላይ ምን ፈሰሰበት? ማሽናችን ስህተት እየቆጠረ ደከመው።"

"ምርቃት ነው" ለማለት አፈርኩ። "ዝናብ ነው" አልኩት። በበጋ።

ሲዲው ሲመለስ ሐዋ ክር አመጣች። አያ ይመር ግን እጇን ያዙ። "የተመረቀ ነገር አይጣልም። ለወፍ አይሰቀልም" አሉና በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው የክራራቸው ከረጢት ውስጥ ከተቱት። በሆዴ "ይሁን፣ ሽማግሌ አይከፋ" አልኩ። ከመረቁት ፊት ላይ የቀረ ቅቤ ቢኖር ክራሩን ያለሰልስላቸው ይሆናል ብዬም አሾፍኩ።

ከዚህ በኋላ እልህ ያዘኝ። ፍጹም ማስተር መሥራት አለብኝ አልኩ። በመጀመሪያ ከቀረጻው ውስጥ ትርፍ ነገር ሁሉ ቆርጬ አወጣሁ፦ የፍየሏን፣ የባጃጁን፣ ሳሉን፣ መጀመሪያ ላይ ያለውን ዱዓና ወሬ። ዘፈን ብቻ ይቅር፤ ባለሙያ እንዲህ ነው። ከዚያ ንጋት ላይ፣ መብራቱ የመጥፋት አመሉ ሳይነሳበት፣ በጓንት ጻፍኩት። ጓንቱ የሐዋ የፀጉር ቀለም ጓንት ነው። ወጣ። እንደ ሐይቁ ውሃ የጠራ፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት። "ሁለተኛ ቅጂስ?" አለችኝ ሐዋ።

"አንዱ ፍጹም ከሆነ ሁለተኛው ለምን ያስፈልጋል?" አልኳት።

"ለሆነ ሹፌር እንኳ በፍላሽ ስጠውና ይቀመጥ።"

"ሾልኮ ሊወጣ? ሲዲው ሳይታተም አንድም ሰው እጅ አይገባም!" አልኩ። ሰው እጅ አልገባም፤ ይህን ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ልልከው ስል ጦርነቱ ቀረበ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አውቶቡስ ሲቀር ኔትወርኩም ቀረ። እኔ ግን በየቀኑ ሲዲውን ኮምፒውተሩ ውስጥ እያስገባሁ አዳምጣለሁ፤ ለማረጋገጥ ነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን በሥራዬ ለመኩራት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ አንድ ጠዋት በሰሜን በኩል ከባድ መሣሪያ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። መንገዱ ሰው ብቻ ሆነ። ሐዋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የልጆቹን ልብስ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የቤቱን ካርታ ይዛ ወጣች። እኔስ? እኔ ወደ ስቱዲዮዬ ሮጬ ከጠረጴዛው ላይ የሲዲውን መያዣ አነሳሁ፤ በፌስታል ጠቀለልኩት፤ ሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ ከተትኩት። በዚያ ግርግር ውስጥ ራሴን ጀግና አደረግሁት፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

ደሴ ደረስን፤ ደሴም አላስቀመጠችንም፤ አልፈን ሄድን። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ተጠለልን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያን መያዣ ከደረቴ አላወረድኩም። ስበላ ደረቴ ላይ፣ ስተኛ ትራሴ ስር። "ምንድን ነው?" ለሚለኝ ሁሉ "የሰው አደራ ነው፤ የሰው ድምፅ ነው" እላለሁ። ሰው ልጁን አጥቶ፣ ሰው ቤቱን አጥቶ በሚያለቅስበት መሃል ይህን ስል አፍር ነበር፤ ግን ሌላ ያዳንኩት ነገር አልነበረኝም። አንድ ቀን ሐዋ "ክፈተውና እየው እስቲ፣ አልተሰበረም?" አለችኝ።

"አቧራ ይገባዋል! የፋብሪካው ሰው አደራ ብሎኛል" አልኳት። ካስተማረኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኳት ይችን ነበረች።

በመጨረሻ ተመለስን። ቤታችን ቆሟል፤ ውስጡ ግን ተጠርጓል። ወንበር የለም፣ ድስት የለም፣ ኮምፒውተሩ ከነፍላሹ፣ ከነማይኩ የለም። መስኮቱ ላይ በምስማር የመታሁትን ብርድ ልብስ እንኳ ምስማሩን ነቅለው ወስደውታል። ማን ወሰደው? የመጣ የሄደው ነዋ። ጎረቤት ሁሉ ሲያለቅስ እኔ መሃል ቤት ቆሜ "ሐዋ፣ አብሽሪ! ዋናው ነገር እኔ ጋ ነው" አልኩ። ፌስታሉን ፈታሁ። መያዣውን አወጣሁ። ልጆቹንም ጠርቼ፣ እያሳየሁ፣ ቀስ ብዬ ከፈትኩት።

ባዶ ነው።

ገለበጥኩት። አራገፍኩት። ፌስታሉ ውስጥ አየሁ፤ ሸሚዜ ውስጥ አየሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። በዚያ ጠዋት እያዳመጥኩ ነበር። ሲዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። የሲዲ ክብደት ደግሞ ምን አላት? መያዣው ሙሉም ሆነ ባዶ ደረት ላይ አንድ ነው።

ሐዋ መያዣውን ተቀብላ አየችው። "አንተ ሰውዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያቀፍከው ፕላስቲክ ነው?" አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ የደረሰብን ሁሉ የታያት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ቤቱም፣ ዕቃውም፣ እኔም። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ወደ ጓሮ ሮጬ ጎመኑ ላይ የተሰቀሉትን አወረድኩ። ፀሐይና ዝናብ ልጠዋቸዋል፤ በወዲያኛው በኩል ሰማይ ያሳያሉ። የሚበዙትማ ቀድሞም ግማሽ ነበሩ።

አያ ይመር ሰው ሁሉ ሲሸሽ ክራራቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ አምባሰል፣ ዘመዶቻቸው ዘንድ ወጥተው ነበር። እኛ በገባን በሳምንቱ ተመለሱ። ሦስት ቀን ተደበቅኋቸው፤ በአራተኛው ሐዋ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ገብቼ ሰላምታውን አንዛዛሁት፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ በጎቹ ጠየቅሁ። አያ ይመር ፊታቸው ተለወጠ፤ ወደ ሐዋ ዘንበል አሉና "ማን ሞተ?" አሏት።

"ማንም አልሞተም አያ" አልኩና አለቀስኩ። "ድምፅዎት ነው። እኔ እጅ ላይ ጠፋ።" መያዣውን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ባዶውን መያዣ ተቀብለው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደግሞ ቢቆጡም በሹክሹክታ ነው፤ ይህን ሳስብ ይበልጥ አለቀስኩ። ኋላ ተነሥተው የክራሩን ከረጢት ከግድግዳው አወረዱ። እጃቸውን ከታች ድረስ አስገቡና ያችን የነጠላ ቁራጭ አወጡ። ፈቱት። ያ የተመረቀው ሲዲ ነው፤ እንትፍታው ደርቆ፣ የቅቤው አሻራ ቢጫ ሆኖ።

"ይሄ አይሆንም ወይ?" አሉ።

"አያ፣ ይሄማ ፋብሪካው የመለሰው ነው፤ አይነበብም።"

"ታጥቦ ያውቃል?" አለች ሐዋ።

እኔና አያ ይመር ተያየን። የድምፅ ባለሙያው ሲዲ ይታጠባል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሐዋ ለብ ያለ ውሃ አስመጣች፣ ሳሙና ነካ አደረገች፣ በንጹሕ ሻሽ ጫፍ መጥረግ ጀመረች፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር። "ማን አስተማረሽ?" አልኳት። "ሰውዬው በስልክ ሲናገር አልሰማህም?" አለችኝ። ምስር እየለቀመች የሰማችው እሷ ነበረች።

በከተማው ገና መብራት አልተመለሰም። ሲዲ የሚያጫውት ነገር የት ይገኛል? መናኸሪያ ወረድን። የደሴ ሚኒባስ ቆሞ ሰው ይጭናል። ሹፌሩን ለመንነው። "ቴፑ ሲዲ ካየ ቆይቷል፤ ከዋጠው እንዳትጠይቁኝ" አለና አስገባው። ቴፑ አጉረመረመ፣ አንጓጓ፣ ዝም አለ።

ከዚያ ድምፅ መጣ። ዘፈን አልነበረም። ይህ ሲዲ የተጻፈው እኔ ባለሙያ ሆኜ ከመቁረጤ በፊት ነበር።

"አላህ ከክፉ ይሰውራችሁ!" አሉ አያ ይመር፣ በዚያ በድሮው፣ በሙሉ ድምፃቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ ነጠላ የለበሰውም ሒጃብ ያደረገችውም፣ ሳያስበው "አሚን!" አለ።

"ቤታችሁን የሰላም ያድርገው! አገሩን አማን ያድርገው!"

"አሚን!" ውጭ ተራ የሚጠብቁትም ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

"ይችን ድምፄን ለልጅ ልጅ ያድርስልኝ!"

"አሚን!"

አያ ይመር በሩን ይዘው ቆመዋል። ከንፈራቸው ከቴፑ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል። ሰው ሲናገርበት የነበረውን ድምፁን ጭምር እንደሚናፍቅ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እኔ የዘፈኑን ብቻ ሳስብ ኖሬ፣ ይህን እንደ ትርፍ ነገር ቆርጬ ጥዬው ነበር። ቴፑ ግን አልጨረሰም። ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ የእኔ ድምፅ፣ ደረቱን እንደነፋ ሰው ሆኖ፣ ሚኒባሱን ሞላው፦

"አያ፣ አብሽሩ! እኔ እጅ የገባ ነገር አይጠፋም!"

መጀመሪያ የሳቀው ሹፌሩ ነው፤ ታሪኩን ስንለምነው ነግረነው ነበርና። ለተሳፋሪው ነገረው፤ ተሳፋሪው ለደሴ ነገረው። ክራሩ ሲጀምር ግን ሳቁ ቆመ፤ ስምንቱንም ዘፈን ሰምቶ እስኪጨርስ ያ ሚኒባስ ከመናኸሪያ አልወጣም።

ደሴ መብራት ሲመለስ ከእሱ አንድ አዲስ ማስተርና ሦስት ቅጂ ተደረገ። ሦስቱም በሦስት ቤት ተቀመጡ፤ ከሦስቱ አንዱም የእኔ ቤት አይደለም። ማስተሩን አዲስ አበባ ያደረሰችው ሐዋ ናት። አውቶቡስ ላይ ከመውጣቷ በፊት መያዣውን ከፍታ አየች፤ ተቀምጣ ደግሞ ከፍታ አየች፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት እኔን እያየች ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተችው።

በሳምንቱ የፋብሪካው ሰው ደወለ። አያ ይመርም አጠገቤ ነበሩ።

"ወንድሜ፣ በጣም ንጹሕ ነው፤ ይሠራል" አለኝ። "አንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ ላይ ምርቃቱ ሲያልቅ አንድ ሰው ይፎክራል። ይቆረጥ ወይ?"

"ይቆረጥ! እባክህ ይቆረጥ!" አልኩ።

አያ ይመር ክንዴን ያዙ። ወደ ስልኩ ተጠግተው አንድ ነገር ሹክ አሉ። ሰውዬው አልሰማቸውም። "ምን አሉ?" አለኝ።

"አይቆረጥም ብለዋል" አልኩት።

"ለምን?"

አያ ይመር እንደገና ሹክ አሉ፤ አሁንም አልተሰሙትም። "ምን አሉ ወንድሜ? ድምፅህን ከፍ አድርግ" አለ ሰውዬው። ያን ሁሉ ዘመን ስፎክርበት በኖርኩት አፌ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ጮክ ብዬ ነገርኩት፦

"'እሱማ እውነቱን ነው፤ ይሄኛው እሱ እጅ ስላልገባ አልጠፋም' ብለዋል።"